የጅቡቲ መስመር የአንድ ጣት እጥፋት

በዚያ ጠዋት በድሬዳዋው የቴሌግራም ክፍል የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ጋሽ በቀለ ከጅቡቲው ማሽን ፊት ቆመዋል፤ ወንበር አላቸው፣ ግን አይቀመጡበትም። ዩሱፍ ከደንበኞች መስኮት ጀርባ ነው፤ ክርኑን መደገፊያው ላይ አሳርፏል። አዴ ዘይነባ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ሁለት ጓዟን እግሯ ሥር አድርጋ ቆማለች። ጓድ ፈለቀ በሩ ላይ ነው፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። እኔ መካከል ላይ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ። አለቃችን ሐረር ስብሰባ ስለሄዱ አልነበሩም። ማን የት ቆሞ እንደነበር ኋላ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ተጠይቄ ሦስት ጊዜ ስለመለስኩ፣ ከልጆቼ የልደት ቀን ይልቅ ይህን አስታውሳለሁ።

ሥራዬ ቴሌግራም መላክም መቀበልም አልነበረም። የመጣውን ማየት ነበር። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «አያለሁ» እል ነበር፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መመለስ ጥሩ እንዳልሆነ አንድ ጎረቤቴ ሻይ መጥራቷን ካቆመች በኋላ ነው የገባኝ።

ቴሌግራም ከሦስት መስመር ይመጣልናል፤ ከአዲስ አበባ፣ ከጅጅጋና ከጅቡቲ። እያንዳንዱ ከመልእክቱ በፊት ቁጥሮች ይዞ ይመጣል። አንዱ ከአንዱ በታች የሚወርዱ አራት ቁጥሮች ናቸው፤ የላኪው ጣቢያ ቁጥር፣ የቴሌግራሙ ተራ ቁጥር፣ የቃላቱ ብዛት፣ የተላከበት ሰዓት። ይህን ራስጌ እንለዋለን። ከራስጌው ሥር መልእክቱ አለ። እኔ ራስጌውን አነብባለሁ፣ መዝገብ ላይ እገለብጣለሁ፣ ከዚያ የመልእክቱን ቃላት እቆጥራለሁ። ራስጌው ሰባት ብሎ እኔም ሰባት ከቆጠርኩ ቴሌግራሙ ሙሉ ነው፣ ለዩሱፍ ይተላለፋል። ስድስት ከቆጠርኩ ጎድሏል፣ ላኪው ጣቢያ እንዲደግም ይጠየቃል። ያልተሟላ ቴሌግራም ለማንም አይሰጥም፣ ለማንም አይነበብም። ደንቡ ጠንካራ የሆነው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ «ሞተ» የሚለው ቃል ደርሶ «በሬው» የሚለው ቀርቶ፣ ዩሱፍ ማስተካከያውን ይዞ ሲሄድ ቤተሰቡን ድንኳን ጥሎ አግኝቶታል።

ራስጌውን እንዴት እንደምናነብ የሚናገር መመሪያ ነበረን። መመሪያ ስል ሦስት ደብተር ማለቴ ነው። ለአዲስ አበባ አንድ፣ ለጅጅጋ አንድ፣ ለጅቡቲ አንድ። ሦስቱን ሦስት ሰዎች በተለያየ ዘመን ጽፈዋቸዋል፤ ሦስቱም የሚያወሩት አንድ ነገር ነው፣ ግን እያንዳንዱ ሌላው እንደሌለ ሆኖ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንድ ደንብ ሲለወጥ ሦስት ቦታ ማረም አለብኝ። አንድ ጊዜ ሁለቱን አርሜ ሦስተኛውን ረሳሁ፤ የጅጅጋ ቴሌግራሞች አንድ ዓመት ሙሉ በተሻረ ደንብ ተነበቡ። ማንም አላስተዋለም፣ ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና ነገሩን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም።

ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላደርግ ወሰንኩ። ለሦስቱም የሚሠራ አንድ የጋራ ንባብ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ቦታ ማረም። ድሬዳዋ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች፤ ያልተኛው ይቅማል። እኔ ቀን አልተኛም፣ ጫትም አልቅምም፤ ስለዚህ ከከተማው ሁሉ ለክፉ ሐሳብ ጊዜ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሦስት ሳምንት በዚያ ሙቀት ተቀምጬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ።

በተለይ መሰረዙ ደስ ይል ነበር። የአዲስ አበባው ደብተር ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ንጽሕና ይመክራል፤ ሰረዝኩ። የጅጅጋው «ማሽኑ ሲያኮርፍ ግራ ጎኑን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ» ይላል፤ ይህን አልሰረዝኩም፣ ምክንያቱም ይሠራል። የጅቡቲውን የጻፉት ሙሴ ያኒ የሚባሉ የድሮ ሠራተኛ ነበሩ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከማንበብህ በፊት የወረቀቱን ጫፍ በአንድ ጣት ስፋት እጠፍ።» ሙሴ ያኒን በልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። መሐረባቸውን የሚያጥፉ፣ ጋዜጣቸውን የሚያጥፉ፣ ከምሳ በኋላ የአፍ መጥረጊያቸውን በአራት አጥፈው ኪሳቸው የሚከቱ ሰው ነበሩ። የአንድ ሰው የማጠፍ አመል ለአንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሊሆን አይገባም ብዬ ሰረዝኩት። መሰረዝ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በእሱ ፈንታ በቀይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ወረቀት ማጠፍ ክልክል ነው። ራስጌ ከጫፉ ጀምሮ ይነበባል።»

ጓድ ፈለቀ የመሥሪያ ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ ነበር። ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ሙቀቱንና የድሬን «አንተ» መባል እኩል ጊዜ ወስዶ ነው የለመዳቸው። ዩሱፍ በመጀመሪያው ቀን «አንተ፣ በሩን ዝጋው አቦ፣ ሙቀት ይገባል» ሲለው ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ ይህ እኩልነት ነው ብሎ ተቀበለው። ደብተሬን ሲያይ ወደደው። ሦስት የተበታተኑ ነገሮች አንድ መሆናቸው እሱ ሁልጊዜ ከሚናገረው ጋር ገጠመለት። ሰኞ በውይይት ክበባችን ላይ ስለ እኔ ደብተር ረጅም ንግግር አደረገ፤ እኔም የጻፍኩት ነገር ይህን ሁሉ እንደሚል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እያንዳንዱን ገጽ ፈርሞ ማኅተም አደረገበት።

«ተቃውሞ ያለው አለ?» አለ። ጋሽ በቀለ እጃቸውን አነሡና ግማሽ ላይ ሲደርስ ጆሯቸውን አከኩበት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በአዲሱ ደብተር ሥራ ጀመርን። የአዲስ አበባው ቀጥ ብሎ ሄደ። የጅጅጋው አኮረፈ፣ ግራ ጎኑን መታ መታ አደረግነው፣ ሄደ። ቀጥሎ ጋሽ በቀለ ከጅቡቲው ማሽን አምስት ቴሌግራሞች ቀደው፣ ሳያጥፉ፣ አቀበሉኝ።

የመጀመሪያው ለአንድ ሽንኩርት ነጋዴ የመጣ ነው። ከጫፉ ጀመርኩ። የላኪ ጣቢያ፣ ሦስት። ተራ ቁጥር፣ አርባ። የቃላት ብዛት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሁለት። ሰዓት፣ አራት። ከዚያ መልእክቱ፦ «0705 ሽንኩርቱ ደርሷል ግማሹ በስብሷል።»

ቆጠርኩ። አምስት ቃል። አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት ይጎድላል።

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ግን መመሪያውን ራሴ ጽፌዋለሁና ጥፋቱ የሽንኩርቱ ሰውዬ መሰለኝ። ሽንኩርት የበሰበሰበት ሰው ብዙ የሚናገረው ይኖረዋል።

«ጋሽ በቀለ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት ቃል ጎድሏል። እንዲደግሙ ይጠይቁልኝ።»

ጋሽ በቀለ አዩኝ። በአዲስ አበባ መስመር ሁለት ቃል ሲጎድል እንኳ የሚገረሙ ሰው ናቸው። «ስንት አልሽ?» አሉ። ደገምኩላቸው። በሚችሏት ፈረንሳይኛ ጻፉና ላኩት።

የጅቡቲውን ሠራተኛ አንዳችንም አይተነው አናውቅም፤ ጨዋ መሆኑን ግን ከአላላኩ እናውቃለን። ወዲያው ደገመልን። የተደገመ ቴሌግራም አዲስ ራስጌ ይዞ ነው የሚመጣው። አነበብኩት፤ የቃላት ብዛት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሰባት። መልእክቱ ያው ሽንኩርቱ። በመድገሙ የጉድለቱ ቁጥር በአምስት ጨመረ። እንደገና አስደገምነው። አሁን ደግሞ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ስምንት።

«ባትጠይቁት ይሻላል» አለ ዩሱፍ ከመስኮቱ። «ስትጠይቁት ይብሳል።»

ሦስተኛ ጊዜ ስንጠይቀው ጅቡቲ ሽንኩርቱን ትቶ «ሰላም ናችሁ ወይ» ብሎ ላከ። ይህም ራስጌ ነበረውና እንደ ደንቡ ቆጠርኩት። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ አምስት ቃል የጎደለው ሰላምታ ሆኖ ተገኘ። ያልተሟላ ብዬ መዘገብኩት።

የቀሩት አራትም እንደዚያው ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ የአዴ ዘይነባ ነው።

አዴ ዘይነባ፣ አዴ በድሬ ለታላቅ ሴት የሚባል ነው፣ ቀፊራ ገበያ ሽርጥና ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ አህመድ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ጅቡቲ ሄዶ ሆዱን አሞት ሆስፒታል ገብቷል። መምጣት አለብኝ ወይስ ልቅር ብላ ቴሌግራም ልካለት መልሱን ትጠብቃለች። ባቡሩ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል። ከቀበሌ ያገኘችው የይለፍ ወረቀት ለዚያ ቀን ባቡር ብቻ ነው፤ እሱን ለማግኘት ስንት ቀን እንደተሰለፈች መላው ቀፊራ ያውቃል። ባቡሩ ካመለጣት ሌላ ወረቀት እስክታገኝ ሰውዬው ወይ ድኖ ይመጣል ወይ ሌላ ነገር ይሆናል። በከንቱ ከሄደችም ለሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይፈርምላትም።

መልእክቱ እጄ ላይ ነበር። ለማንም አይነበብም ብያለሁ፤ አዴ ዘይነባ ኋላ ስለፈቀደችልኝ ለእናንተ እናገራለሁ። «ኦፕራሲዮን ነገ ነው ፈርቻለሁ ነይ ለማንም አትንገሪ።» ይህ ነው። ከፊቱ «0720» የሚል ቁጥር አለ። ከዚያ ጋር ስምንት ቃል። በእኔ መዝገብ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስድስት ይጎድለዋል።

«አልመጣም?» አለች አዴ ዘይነባ በመስኮቱ።

«መጥቷል» አለ ዩሱፍ። «ግን ጎድሎ ነው።»

«ስንት ነው የጎደለ?»

ዩሱፍ ወደ እኔ ዞረ። ነገርኩት። በኦሮምኛ ነገራት። ባለማመን በአማርኛ እንዲደግምላት አደረገች።

«አህመድ?» አለች። «ሺህ ቃል? ዋላሂ ካገባኝ ጀምሮ ያወራኝ ሁሉ ቢደመር ይህን አይሞላም። የሌላ ሰው ባል ነው፤ በደንብ እዪው።»

ይህን ጊዜ ጓድ ፈለቀ ከበሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገባ። መዝገቡን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሣ። ለመዝገቡ አዲስ ዓምድ ጨምሬለት ነበር፤ «የመልእክቱ መጀመሪያ ቃል» የሚል፣ ቴሌግራሞቹ እንዳይደባለቁ ብዬ። ጓድ ፈለቀ ጣቱን በዚያ ዓምድ ላይ ወደ ታች አወረደ።

«ሁሉም በቁጥር ይጀምራሉ» አለ።

«ይጀምራሉ» አልኩ። ይህንንም አላስተዋልኩም ነበር።

«0705። 0712። 0720። እየጨመረ ይሄዳል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ ሰዓት ነው።»

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በዚያ ክፍል ውስጥ እስከዚያች ደቂቃ እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነው። በእርግጥም ሰዓት ነበር፤ ጅቡቲ በፈረንጅ አቆጣጠር የላከበት ሰዓት፣ ማለዳ። ጓድ ፈለቀ ግን በእኛ አቆጣጠር አነበበው።

«ሰባት ሰዓት ከአምስት። ሰባት ከሃያ። ከቀትር በኋላ። ድሬዳዋ ስትተኛ ማለት ነው።» መዝገቡን ዘጋው። «ከአምስት ሺህ ቃል በላይ ጅቡቲና ድሬዳዋ መካከል ጠፍቷል። ቃል ውሃ አይደለም፣ ፀሐይ አይቶ ተነነ አይባልም። አንድ ሰው ይዞታል። የት ነው ያለው?»

«ደወሌ ድንበር ፍተሻ ላይ ተይዞ ይሆናላ» አለ ዩሱፍ። «እዚያ ምን የማይያዝ አለ አቦ።»

ጓድ ፈለቀ አልሳቀም። ወደ መስኮቱ ሄደ። «እናቴ፣ ባለቤትሽ ምን ሊልሽ ፈልጎ ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለች አዴ ዘይነባ። «ስጡኝና ልወቀው።»

«ቴሌግራሙን አምጪ» አለኝ። «ይነበብ፤ ሁላችንም እንስማው።»

መልእክቱ እጄ ላይ ላብ ጠጥቷል። «ለማንም አትንገሪ» የሚለው ጓድ ፈለቀ ፊት ቢነበብ ምን እንደሚከተል ለማወቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። ከዚያም በላይ አህመድን አውቀዋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ እባብ በእጁ የሚይዝ፣ ጥርሱን ያለ መርፌ የሚያስነቅል፣ ፈርቻለሁ የሚል ሰው ሲያይ የሚስቅ ሰው ነው።

«አይነበብም» አልኩ። «ያልተሟላ ቴሌግራም ለማንም አይነበብም። ገጽ አራት። ፊርማህ አለበት።»

ገጽ አራትን ገልጦ ፊርማውን አየ። ፊርማው የሱ ነው፣ ማኅተሙም የሱ ነው። ትንሽ አሰበና ለጸጥታ ሰዎች ሊደውል ወደ ስልኩ ሄደ።

ባቡሩ የመጀመሪያውን ፊሽካ ነፋ። ሩብ ሰዓት ቀርቷል ማለት ነው።

እኔ በዚያ ጊዜ ያየሁት ስልኩን አልነበረም። የጋሽ በቀለን አውራ ጣት ነበር። ከማሽኑ ሌላ ወረቀት ሲወጣ ያዙት፤ አውራ ጣታቸው ራሷ ወደ ጫፉ ሄደች፣ ልታጥፍ ጀመረች፣ ደንገጥ ብለው መለሷት።

«ምን ሊያደርጉ ነበር?» አልኳቸው።

«ምንም። ልማድ ነው። ሃያ ዓመት ሲያጥፉ ኖሮ…» አሉ። «አሁን አላጠፍኩም። ተከልክሏል።»

«እስቲ ይጠፉት።»

«በቀይ ተጽፏል እኮ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይጠፉት።»

በአንድ ጣት ስፋት አጠፉት። የመጀመሪያው ቁጥር ከእጥፋቱ ሥር ገባና ጠፋ። ከዚያ በታች ያለውን አነበብኩ። የላኪ ጣቢያ፣ አርባ። ጅቡቲ አርባ ነው፤ ይህን በልቤ ነው የማውቀው፣ ቀደም ሲል «ሦስት» ብዬ ሳነብ ግን አልነቃሁም። ተራ ቁጥር፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ። የቃላት ብዛት፣ ስድስት። ሰዓት፣ 0944። መልእክቱን ቆጠርኩ። ስድስት።

ነገሩ ይህን ያህል ነው። የጅቡቲ ራስጌ አምስት ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያው የጅቡቲ የራሷ የመስመር ቁጥር ነው፣ እኛን አይመለከትም። ሙሴ ያኒ እንዳያሳስት ብለው ከእጥፋቱ ሥር ይደብቁት ነበር። እኔ እጥፋቱን ስከለክል ሁሉም ቁጥር አንድ ደረጃ ወርዶ ተነበበ፤ ተራ ቁጥሩን የቃላት ብዛት ብዬ ቆጠርኩ፣ ሰዓቱን ቃል ብዬ ቆጠርኩ።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ምን አውቃለሁ። እጠፍ አሉኝ አጠፍኩ። አትጠፍ አልሽኝ አላጠፍኩም።»

የአዴ ዘይነባን ቴሌግራም አጠፍኩ። ቃላት፣ ሰባት። ሰባት።

በዚያ ዘመን በመሥሪያ ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ ስሙ አሻጥር ነበር፤ አሻጥር ደግሞ የሚሠራው ሰው ነው። ከእንግዲህ ጋሽ በቀለን በጥቅሻ እንዲያጥፉ ባደርግና ነገሩን እስከ ከሰዓት ባቆየው፣ የጎደለው ቃል በራሱ ጊዜ ተገኘ ይባላል፤ እኔም አልጠየቅም። ባቡሩ ግን ከሰዓት የለም።

«ጓድ ፈለቀ» አልኩ። «ስልኩን ተወው። ምንም ቃል አልጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

የስልኩን እጀታ ሲያዞር ቆመ። አሳየሁት። ወረቀቱን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ። ደግሞ አጥፎ ዘርግቶ ራሱ አየ።

«አምስት ሺህ ቃል ከአንድ ጣት ሥር?» አለ።

«አዎ።»

«ሊሆን አይችልም። ይህን መመሪያ እኔ አጽድቄዋለሁ።»

«አጽድቀኸዋል። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።»

«ሴራው ይቀራል ማለት ነው?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ሐዘን ነበረበት። ከዚያ ነቃ አለ። «እንግዲያው ተሟልቷል። አሁን ይነበብ።»

«ሲሟላ ደግሞ የባለቤቱ ነው» አልኩ። «እኛን የሚመለከተን ራስጌው ነው። ከራስጌው በታች ያለው የሷ ነው። ገጽ አምስት።»

ገጽ አምስትን አልገለጠም። እዚያም ፊርማው እንዳለ ገብቶታል።

ዩሱፍ በላቲን ፊደል የመጣውን መልእክት በአማርኛ ፊደል ቅጹ ላይ ገልብጦ በመስኮቱ አቀበላት። አዴ ዘይነባ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ማንበብ የተማረችው፤ ያስተማራትም ራሱ ጓድ ፈለቀ ነው። ወረቀቱን ዓይኗ ላይ አስጠግታ በከንፈሯ ብቻ ስታነብ እሱ ሴራውን ረስቶ እንደ አስተማሪ ከንፈሯን ይከታተል ጀመር። ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ትተነፍሳለች። ሰባት ጊዜ ተነፈሰች።

ከዚያ ወረቀቱን ጡቷ ሥር ከተተች።

«ጎበዝ» አላት። «ምን ይላል?»

«ሽርጥ አምጪልኝ ይላል» አለች።

«ሽርጥ?»

«ረስቶ ሄዶ።»

«ሰባት ቃል ለሽርጥ?»

«ቀለሙንም ነግሮኝ ነው» አለች፤ ጎንበስ ብላ ጓዟን መያዝ ጀመረች። ጋሽ በቀለ ወደ ማሽናቸው ዞሩ። ዩሱፍ ስለ ሽርጥ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አየሁት፣ ዘጋው።

ጓድ ፈለቀ ደብተሬን ብብቱ ሥር አደረገ። «ጓዲት፣ ግለ ሂስ ትጽፊያለሽ።»

«እጽፋለሁ» አልኩ።

«አሁን፣ እዚህ ተቀምጠሽ።»

ባቡሩ ሁለተኛውን ነፋ። ለገሃር ቅርብ ነው፤ ለአንድ ሴት ሁለት ጓዝ ግን ሩቅ ነው። በጎን በር ዞሬ ወጣሁና ከባዱን ጓዝ አንሥቼ ወደ ለገሃር ተከተልኳት።